ያለ «በሞቴ» ሰባት ቀን

ቀቢዋ ዛሬም በማለዳ አለፈች። ከጉልበት የማትበልጥ ባለ ሦስት ጎማ ማሽን ናት። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከኮረብታው ትወርድና የዶቅማ ሜዳን መንደር ለሁለት የሚከፍለውን ነጭ መስመር እየቀባች ታልፋለች፤ በጤፉ ማሳ መሀል፣ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ በአያ ደርበው የዶሮ ቆጥ ሥር። ዝናብ ያጥበዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ እሷ በማግስቱ ትቀባዋለች። ዶሮዎቻችን በሙሉ እግራቸው ነጭ ነው። የሌላ አገር ዶሮ እግሩ ነጭ እንዳልሆነ ያወቅሁት ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ከተማ የሄድኩ ጊዜ ነው።

ትርንጎ አላምረው እባላለሁ። የሰላም አስከባሪው ተልእኮ አስተርጓሚ ነኝ። ተልእኮው የመጣው በ2041 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ ለስድስት ወር። ስድስት ወር! እናቴ ያን ጊዜ ገና ያላገባች ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱና በየኅዳሩ ይራዘማል፤ እስካሁን መቶ ስድስት ጊዜ ተራዝሟል። የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ስምንት ውሳኔዎች ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። መመለስ ስል እንኳ ማጋነኔ ነው። ቁጥሩንና ቀኑን መቀየር ነው ሥራው።

ኑሯችንም የስድስት ወር ነው። በቀጠናው ውስጥ ቋሚ ነገር ክልክል ነው፤ ቋሚ ነገር የይዞታ ማስረጃ ይሆናል፣ የይዞታ ማስረጃ ደግሞ ጠብ ያነሳል ይላሉ። ስለዚህ ቤቶቻችን በብረት እግር የቆሙ ናቸው፤ አራት ሰው በግማሽ ቀን ይነቅላቸዋል። መታወቂያችን በየስድስት ወሩ ይሞትና ይታደሳል። ከጉልበት በላይ የሚያድግ ተክል አይተከልም። የመንደራችን ስም ዶቅማ ሜዳ ነው፣ አንድ የዶቅማ ዛፍ የለንም። የእኔ ስም ትርንጎ ነው፣ ትርንጎ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ አይቼ አላውቅም።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ሁለቱ መንግሥታት ከታረቁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ ለሌላው መብራት ይሸጣል፣ ባለሥልጣኖቻቸው በየበዓሉ ካርድ ይላላካሉ። ተልእኮው በወጣበት ሰዓት መስመሩ ይጥፋ፣ መንገዱ ይከፈት ብለው ተፈራርመዋል። ተልእኮው የሚወጣው ደግሞ የስጋት ልኩ ከአርባ በታች ሲወርድ ነው። ልኩን የሚለካው ማን ነው? ጆሮ ጠቢው። በመስመሩ ግራና ቀኝ የተተከሉ ሠላሳ አንድ ምሰሶዎች አሉ፤ ትክክለኛ ስማቸው ረጅም ስለሆነ እኛ ጆሮ ጠቢ እንላቸዋለን። በመንደሩ ውስጥ ቋሚ የሆኑት እነሱ ብቻ ናቸው። ተልእኮው ሊያበቃ ሰባት ቀን ሲቀረው የሚዛን ሳምንት ይገባል፤ በዚያ ሳምንት ምሰሶዎቹ ከአፋችን የሚወጣውን ቃል ሁሉ ለቅመው ይመዝናሉ። ሰው የሚባል አያዳምጠውም። ልኩ ወጥቶ በየጠዋቱ ወፍጮ ቤቱ ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ ይበራል። ከአርባ በላይ ከሆነ ምክር ቤቱ ሳይሰበሰብ ውሳኔው በራሱ ይታደሳል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በስህተት ይሁን በሌላ፣ ሊተረጎም ከተላከልኝ ወረቀት ጋር «የቃላት ሚዛን» የሚል አባሪ መጣ። «ሰላም» የሚለው ቃል ሁለት ነጥብ ይቀንሳል። ሞት ያለበት ቃል ሁሉ ሦስት ይጨምራል፣ ደም አራት፣ መቅበር አምስት። እስከዚህ ይሁን። ግን ወረድ ብዬ ሳነብ ምን አገኘሁ? «በሞቴ» የሚለውን እንዲህ ተርጉመውታል፦ «ከምግብ ጋር የተያያዘ ራስን የማጥፋት ዛቻ። ተናጋሪው ሌላውን ሰው እንዲመገብ ያስገድድበታል።» «አንጀቴን በላው» የሚለው፦ «ከባድ የአካል ጉዳት፤ ይጣራ።» ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንለው፦ «ራስን ለጥቃት ማቅረብ።» «አፈር ስሆን» ደግሞ፦ «ቀብር፤ የጅምላ ሊሆን ይችላል።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ የዚያን ዓመት ልካችንን አስታወስኩና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ሰማንያ ሦስት ነበር፤ በሚዛኑ ሳምንት ሁለት ሠርግ ስለነበረን።

አልተኛሁም። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ይሄ እኮ ዛቻ አይደለም፣ ሰው ሲጋበዝ የሚባል ነው፣ ልጅ ሲሳም የሚባል ነው ብዬ በምሳሌ አስረዳሁ። መልሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? የቃላት ሚዛኑን ማሻሻል የሚችለው የግምገማ ኮሚቴው ብቻ ነው፤ የግምገማ ኮሚቴው የሚሰየመው ደግሞ ተልእኮው ሲጠናቀቅ ነው። ኧረ በስመ አብ! ከዓመታት በኋላ ለአሁኑ የተልእኮው አዛዥ ለሻለቃ ራውል ወስጄ አሳየሁት። አዛዥ ይባላል እንጂ የሚያዘው ሦስት መካኒክና ቀቢዋን ነው። አራት ዓመት ከእኛ ጋር በልቷል፣ ጠጥቷል፤ «በሞቴ» ምን እንደሆነ ከእኔ እኩል ያውቃል።

«ወይዘሮ ትርንጎ» አለኝ፣ «እኔም አውቃለሁ። ግን የእኔ ማወቅ አይመዘንም። እናቴ ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔም አገሬ ልግባ እኮ ነው የምለው።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሁለቱ መንግሥታት ይብቃ ይላሉ፣ እኛ ይብቃ እንላለን፣ አስከባሪው ራሱ ይብቃኝ ይላል፤ ይራዘማል።

የባሰው ደግሞ ወዲህ ነው። አያ ደርበውና ጎረቤቱ ጋሼ ባይለየኝ በአንድ በሬ ምክንያት ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነው። አብሮ አደጎች ናቸው፤ ድሮ አንተ ተባብለው፣ ተሰዳድበው፣ ተጎራርሰው ያደጉ። ከተኳረፉ ወዲህ ግን «እንደምን አደሩ፣ ሰላም ነው?» ይላል አንዱ። «ሰላም ነው፣ እርስዎስ?» ይላል ሌላው፤ ያልፋሉ። በጆሮ ጠቢው ሚዛን ከመንደሩ ሁሉ ሰላማዊዎቹ ሰዎች እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬ ነበር፤ ያለፈው ኅዳር ግን አልቻልኩም። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፣ ስመኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከመስመሩ ማዶ ላለ ልጅ ዳርኳት። ያን ጊዜ በዓመት ሁለቴ የመገናኛ ቀን ነበረን፤ የመንደሩ ሁለት ወገን ለአንድ ቀን ይቀላቀላል። ከኅዳሩ በፊት ባለው ግንቦት ተገናኝተን ተቃቅፈን ስንላቀስ፣ «በናፍቆትሽ ሞቼልሽ ነበር» ስንባባል፣ ለካ ምሰሶው ይመዝናል። ልኩ ዘጠና አራት ገባ። የመገናኛ ቀኑ «በዜጎች ላይ ከደረሰው አደጋ አንጻር» ተሰረዘ። ይህን ዓረፍተ ነገር የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ስመኝ አረገዘች፣ ወሯ ኅዳር ሆነ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። አማቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ደግ ሴት ናት። ግን እኔ በእናቴ ቤት ወለድኩ፣ እናቴ በእናቷ ቤት ወለደች፤ እናቴ ወገቤን ይዛ ያለችኝን ነገር ለስመኝ የምነግራት እኔ ነኝ እንጂ ማን ነው? ቤቷና ቤቴ ሦስት መቶ እርምጃ አይራራቁም። መስመሩን የረገጠ ግን መታወቂያው እዚያው ይሞታል፣ የቤተሰቡም አብሮ። መታወቂያው የሞተ ሰው ውሃ አይቀዳም፣ ሐኪም አያየውም። የደረሰች ነፍሰ ጡር ይዤ በዚህ አልቀልድም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ኅዳር 12 ቀን፣ እሑድ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ልኩ ከአርባ በታች ሆኖ ማግኘት።

የሚዛኑ ሳምንት ከመግባቱ በፊት አርባውን አባወራ ወፍጮ ቤት ሰበሰብኩ።

«ለሰባት ቀን» አልኳቸው፣ «ማንም ለማንም አይሙት።»

ሳቁ።

«አልቀለድኩም። በሞቴ የለም። ልሙትልህ የለም። ሰው ሲደናቀፍ እኔን የለም። አፈር ስሆን፣ ገደልከኝ፣ ቀበርኩህ፣ አንጀቴን፣ ደሜ፣ አንዱም የለም። ሰላምታ ግን እንደ ልብ ነው። ሰላም ነው? ሰላም ነው። አለቀ።»

«እንግዳ ቢመጣስ?» አለ አያ ደርበው።

«ይብላ።»

«ሳይለመን?»

«ሳይለመን።»

«ሳይለመን የሚበላ ደግሞ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? እኔ ረቡዕ ደቦ አለብኝ፤ ሠላሳ ሰው ነው ጤፌን የሚያጭድልኝ። ምን ልበላቸው?»

«ብሉ በላቸው።»

«እሱማ ለውሻም ይባላል፣ ትርንጎ!»

«አያ ደርበው፣ ልጄ ልትወልድብኝ ነው» አልኩት። ስመኝን ያልታቀፈ፣ ያላዘለ የለም በዚያ ቤት ውስጥ።

«እሺ፣ እንዴት ነው ታዲያ የምናወራው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አያ ደርበውና ጋሼ ባይለየኝ እንደሚነጋገሩት።»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ አልሳቁም፤ አንዱ ጣሪያውን፣ ሌላው መሬቱን አየ።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ስድሳ ስድስት አለ። ገና የእሑድ ማታው አፋችን አልለቀቀንም ነበር። ማክሰኞ ሃምሳ ሰባት። እኔ ከቤት ቤት እየዞርኩ ስቆጣጠር ዋልኩ። ልጇን ስታጠባ «ልሙትልህ» ያለችውን ገሠጽኳት፤ «እናት ልጇን ምን ትበለው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። «ጥባ፣ ጎበዝ በይው» አልኳት። ልጁ ጡቱን ለቆ ሁለታችንንም አየን።

ረቡዕ የአያ ደርበው ደቦ ሆነ። ሠላሳ ሰው ከማለዳ ጀምሮ አጨደ። ሰባት ሰዓት ላይ እንጀራው በየመሶቡ ቀረበ፣ ወጡ ወጣ፣ ሰዉ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። አያ ደርበው መሀል ቆመ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እኔን አየኝ። ምሰሶው ከአውድማው አሥር ክንድ አይርቅም።

«ምግብ ቀርቧል» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ዜና አንባቢ። «መመገብ ይቻላል።»

ሰው ሁለት ሁለት ጉርሻ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። ወጉ ነው። በቃኝ ይላል፣ ባለቤቱ በሞቴ ይለዋል፣ አሁንስ በቃኝ ይላል፣ አፈር ስሆን ይለዋል፣ ያን ጊዜ መብላት ይጀምራል። ሠላሳ ሰው በቃኝ ብሎ ልመናውን ጠበቀ። አያ ደርበው ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«በቃችሁ?» አለ።

«በቃን» አሉ።

«እሺ።»

እሺ አለ! እኔ ራሴ ጆሮዬን አላመንኩም። ሠላሳ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ሲያጭድ ቆይቶ ጦሙን ተነሳ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። «ሰላም ዋሉ፣ ሰላም ዋሉ» እየተባባሉ ተበተኑ። አያ ደርበው መሶቦቹ መሀል ብቻውን ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ስጠጋው እጁን አወናጨፈብኝ። «ስድሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ሰው ከቤቴ ሳይበላ ሲወጣ ዛሬ አየሁ» አለኝ። በማግስቱ ሰሌዳው አርባ ዘጠኝ አለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በገዛ እጁ ይሄድ ጀመር። ሐሙስ አንዷ እንስራ ይዛ ስትደናቀፍ ባሏ ፊቷ ቆሞ ዝም አለ። ሕጉን አክብሮ ነው። እሷም አውቃለች ሕጉን እያከበረ እንደሆነ። ቢሆንም ማታውን ልብሷን ጠቅልላ ወደ እህቷ ቤት ሄደች፤ «የአፉ ቢቀር በዓይኑ አይለኝም ነበር?» አለችኝ። ዓርብ ሁለት ወንድማማቾች ስለ ረቡዕ ምሳ ተነጋግረው፣ አንዱ ቤቱን ነቅሎ ሃምሳ ሜትር ራቀ። ቅዳሜ ስድስት ቤት ተነቀለ። ሰው ሁሉ እርስዎ ተባባለ። ገበያው ጸጥ አለ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ «ያጽናዎት» ተብሎ ብቻ ይወጣ ጀመር። ልኩ አርባ አምስት፣ አርባ አንድ።

ሻለቃ ራውል ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ መንደሩን ምን ነካው? ፈራሁ እኮ። አራት ዓመት እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።»

«ሰላም እየሆንን ነው፣ ሻለቃ» አልኩት።

እሑድ ጠዋት ሰሌዳው ሠላሳ ስምንት አለ።

ሠላሳ ስምንት! በሃምሳ ሦስት ዓመት ታይቶ አያውቅም። እልል ማለት አማረኝ፤ እልልታ በሚዛኑ ላይ ምን እንደሚደረግ ስለማላውቅ ዋጥኩት። ቀሪው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት። የመጨረሻዋ ሰዓት ንግግር ብቻዋን እንደ ሙሉ ቀን ትመዘናለች፣ ሰሌዳውም በየደቂቃው ይቀየራል፤ ስለዚህ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተስማማን። አርባው አባወራ መስመሩ ዳር ተሰለፈ፤ ማንም ከማንም ጎን መቆም ስላልፈለገ ተራርቆ። ሻለቃው ሻንጣውን ይዞ ባንዲራው ሥር ቆመ። ማዶም ሰው ወጣ። በአምስት ሰዓት ተኩል ስመኝ ከአማቷ ጋር መጣች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ የአራስ ልብሷን የያዘ ዘንቢል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ። እርግዝናው ከብዷት መስመሩ ዳር ስላልወጣች ስድስት ወር አላየኋትም። ፊቷ ሞልቷል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ እሷም ታውቃለች፣ በፈገግታ ብቻ አየችኝ።

ያን ጊዜ ቀቢዋ ከኮረብታው ወረደች። በጠዋት ቀብታ ነበር። ለካ ደንቡ፣ ተልእኮው ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መስመሩ «በጥሩ ይዞታ» እንዲረከብ አንድ የማጠቃለያ ቅብ ያስፈልጋል ይላል። የሚጠፋ መስመር! እየዘመረች መጣች፣ በስመኝና በእኔ መሀል አለፈች፣ ያንን እርጥብ ነጭ ቀለሟን አፍስሳ ሄደች። ስመኝ መንገድ ልትለቅላት ወደ ኋላ ስትል ጫማዋ ከመስመሩ ውጪ የፈሰሰውን ቀለም ነካ፣ ተንሸራተተች፣ በጎኗ ወደቀች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ከአፌ ሲወጣ አልሰማሁትም፤ በኋላ ነው በጽሑፍ ያነበብኩት። «እኔን! እኔን ልጄን! እኔ ልሙትልሽ! እኔን አፈር ይብላኝ፣ እኔን ይድፋኝ የኔ እናት!»

ሰባት ቀን የታፈነ መንደር አብሮኝ ፈነዳ። «እኔን! እኔን!» አርባ አባወራ ከነሚስቱ ከነልጁ፣ ማዶም እንደዚሁ። «አፈር ስሆን ቀስ ብላችሁ አንሷት!» ይላል አያ ደርበው። «ክፉሽን ለእኔ፣ ደሜ!» ይላል ጋሼ ባይለየኝ፤ በልጅነቷ በትከሻው ይዞራት የነበረ እሱ ነው። ከልጇ ጋር ዝም ተባብላ የሰነበተች፣ ከባሏ የራቀች፣ ሁሉም መስመሩ ዳር ተሰበሰበ። ሻለቃ ራውል ሻንጣውን ጥሎ «እኔን!» ሲል ሰማሁት። እሱም! ስመኝ አማቷ ክንድ ላይ ተደግፋ ተነሳች። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና ሆዷን ያዘች። ምጥ ነው።

ሰሌዳውን ቀና ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አርባ አራት ይላል። እያየሁት ሃምሳ አንድ ሆነ። ስድሳ ሦስት ላይ ቆመ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው። በስድስት ሰዓት ጡሩምባው ተነፋ። ሻለቃው ባንዲራውን ለማውረድ የያዘውን ገመድ ለቀቀ፣ ሻንጣውን አነሳ፣ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሦስት እርምጃ ከእኔ ርቃ የቆመችውን ልጄን ደግፈው ወሰዷት።

ስመኝ ያን ዕለት ሊመሽ ሲል በአማቷ ቤት ወለደች። መስመሩ ዳር ቁጭ ብዬ ነበር። እልልታው ተሰማ፤ ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠበቅሁ። አራተኛ አልመጣም። ሴት ናት። ከኋላዬ የእኛ ወገን ሴቶች ሦስቱን መለሱላቸው።

ሰኞ ጠዋት ውሳኔው መጣ፤ መቶ ስድስተኛው። እንደ ወትሮው ቁጥሩንና ቀኑን ለመቀየር ተቀመጥኩ። ግን በአምስተኛው አንቀጽ ላይ አዲስ ነገር ነበር። ቃል በቃል የመለስኩት እንዲህ ነው፦ «በዶቅማ ሜዳ አንዲት ሲቪል ሴት በዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ የገዛ ራሷን ሞት፣ ቀብርና መውደቅ አምስት ጊዜ ጠርታለች። ጥሪዋን ከሁለቱም ወገን ሁለት መቶ አሥር ሰዎች ተቀብለው አስተጋብተዋል። ይህም ዘላቂ ሰላም እንዳልሰፈነ በማያሻማ ሁኔታ ስለሚያሳይ፣ ተልእኮው ለተጨማሪ ስድስት ወር ተራዝሟል።» ከሥሩ፦ አስተርጓሚ፣ ትርንጎ አላምረው። ፈረምኩ።

ወፍጮ ቤት ቆሜ አነበብኩላቸው። «አንዲት ሲቪል ሴት» የሚለውን ሁለቴ አነበብኩት። ሰባት ቀን ስቆጣቸው፣ የእናት አፍ ስዘጋ፣ ትዳር ሳናጋ ሰንብቼ፣ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። «ይቅር በሉኝ» አልኩ።

«እንዴ!» አለ አያ ደርበው። «ዝም ብትዪስ ኖሮ? ልጅሽ ወድቃ ዝም ብትዪ ኖሮ ሠላሳ ስምንት ምን ይሠራልናል?» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሥራ ፍቱ ዛሬ። የረቡዕ ምሳዬን ያልበላ ሁሉ ቤቴ ይምጣ።»

ሄድን። ሁለት ሁለት ጉርሻ ጎረስንና በቃን አልን። አያ ደርበው መሶቡን ሁሉ ዘሎ ጋሼ ባይለየኝ ፊት ተንበረከከ፣ ጉርሻውን ጠቅልሎ አፉ ላይ ደቀነ።

«ብላ በሞቴ» አለው። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው።

ባይለየኝ ፊቱን አዞረ። «በቃኝ።»

«ባይለየኝ፣ እኔን አፈር ያስበላኝ! ቅበረኝ ካልበላህ!»

በላ። ሁለቱም አለቀሱ። የተነቀሉት ቤቶች በሳምንቱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በዚያ ምሳ ላይ ጆሮ ጠቢው ቢመዝነን ኖሮ ከመቶም ባለፍን።

በክርስትናው ማግስት ስመኝ ልጇን አቅፋ መስመሩ ዳር መጣች፤ መነጋገር አልከለከሉንም፣ መርገጥ እንጂ። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። «እማዬ፣ የቤት ስሟን አንቺ አውጪ» አለችኝ።

«ሰላም» አልኳት።

«እማዬ! ሰላም? ስንት ሰላም አለ በዚህ አገር!»

«ሰላም ነው ያልኩሽ። ሁለት ነጥብ ይቀንሳል።»

ገባት። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ልጇን አነቃቻት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ተያይዞታል። ያን ሰሞን የተወለደም፣ በኋላ የተወለደም፣ ሴት ሁሉ ሰላም ተብላለች። የአያ ደርበው ጥጃ ሰላም ናት። የወፍጮ ቤቱ ድመት ሰላም ናት። ሻለቃ ራውል ለቀቢዋ ሳይቀር ስም አውጥቶላታል፤ በየጠዋቱ ስታልፍ «ሰላም!» ይላታል፣ የመቶ ሰባተኛውን ሒሳብ እያሰበ።

ነገ የሚዛኑ ሳምንት ይገባል። የልጅ ልጄ ስድስት ወር ሊሞላት ነው፣ መቀመጥ ጀምራለች ይሉኛል። እኔ በየማታው መስመሩ ዳር ወርጄ ስሟን መጥራት እለማመዳለሁ። ሰላም። ሰላም። ቀላል ነው፤ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ስመኝ አቅፋት ወጣች፣ ሕፃኗ ድምፄን ለይታ ወደ እኔ እጇን ዘረጋች። «ሰላም!» ብዬ ጠራኋት፤ ሁለት ነጥብ ተቀነሰ። «ልሙትልሽ!» አልኩ ወዲያው፣ ሦስት ተጨመረ። ነጥቡን እስካሁን ማታ ማታ ስደምረው ከአንድ ወርዶልኝ አያውቅም።